ወንበሩን ማንሣት ጠቡን አያነሣም

ልጄ የሚማርበት ሙአለ ሕፃናት ባለፈው ሳምንት ለወላጆች በላከው ደብዳቤ፣ ከእንግዲህ በልደት ዝግጅቶች ላይ ሙዚቃው ሲቆም ወንበር የመሻማት ጨዋታ፣ ገመድ ጉተታና አባሮሽ እንደማይፈቀዱ አስታውቋል። ምክንያቱ ጨዋታዎቹ «ሕፃናትን ጠበኛ ያደርጋሉ» የሚል ሲሆን፣ ስለ ወንበሩ ጨዋታ ደግሞ «ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ትልቁና ጉልበተኛው ነው» ተብሏል።

ይህን የጻፈ ሰው ጨዋታውን አንድ ጊዜ እንኳ ከዳር ቆሞ ተመልክቶት አያውቅም። ሙዚቃው ሲቆም ወንበር የሚያገኘው ጆሮው የነቃ፣ ዓይኑን ከወንበሩ ያላነሣና ፈጥኖ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ ግዙፉ ልጅ ዞሮ ቦታውን እስኪያይ ድረስ ቀጭኗ ልጅ ሾልካ ተቀምጣለች። ገፍትሮ የተቀመጠ ካለም ከአዋቂው ቀድመው «ገፍትሯል፣ ይውጣ!» የሚሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። ጉልበት ብቻውን የሚያሸንፍበት ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ደካሞቹ ገና ድሮ ትተውት ነበር፤ ሕፃን ደግሞ የማያሸንፍበትን ነገር እንደገና እንጫወት ብሎ አይለምንም።

ትልቁ ስሕተት ልፊያንና ጠብን አንድ አድርጎ ማየት ነው። የልጆችን ጨዋታ ያጠኑ ሰዎች ሁለቱን የሚለዩባቸው ምልክቶች ማንም ወላጅ በዓይኑ የሚያያቸው ናቸው፦ በልፊያ ጊዜ ፊት ይስቃል፣ አባራሪና ተባራሪ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ብርቱው ሆነ ብሎ ይሸነፋል፣ ሲያበቃም ልጆቹ አብረው ይቆያሉ። በጠብ ጊዜ ፊት ይጨፈገጋል፣ አንዱ ብቻ ይመታል፣ መጨረሻውም መለያየት ነው። ይህን መለየት ያልቻለ መምህር የሚያስፈልገው ሥልጠና ነው፤ ለእርሱ ድካም ሲባል የልጆቹ ጨዋታ መከልከል የለበትም።

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ግን ክልከላው ልጆቹን የሚነፍጋቸው ነገር ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ የሕፃናትን የግብረ ገብ ፍርድ ሲያጠና ብይ የሚጫወቱ ልጆችን ተመለከተ፣ ስለ ሕጎቻቸውም ጠየቃቸው፤ ያገኘውንም እ.ኤ.አ. በ1932 አሳተመ። ትንንሾቹ የጨዋታውን ሕግ ከታላላቆች የወረደና ፈጽሞ የማይነካ አድርገው ያዩታል፤ ወደ ዐሥርና ዐሥራ አንድ ዓመት ሲጠጉ ግን ሕግ በተጫዋቾች ስምምነት የሚጸና፣ ሁሉም ከተስማሙበትም የሚለወጥ መሆኑን ይረዳሉ። ወደዚህ መረዳት የሚያደርሳቸው የአዋቂ ምክር ብቻ እንዳልሆነ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር ሲጫወቱ፣ ሲከራከሩና ሲስማሙ የሚያልፉበት ልምድ መሆኑን ፒያዤ አጥብቆ ይናገራል። «ወጥተሃል» የተባለ ልጅ ዓይኑ እንባ አቅርሮም ቢሆን ወጥቶ ሲቆም፣ ከእርሱ ፍላጎት በላይ የሆነ ስምምነት እንዳለ በገዛ ሰውነቱ ይማራል፤ የሚያጣውም አንድ ወንበር ብቻ ነው፣ ከጥቂት ደቂቃ በኋላም ጨዋታው እንደገና ይጀመራል። መሸነፍን ለመለማመድ ከዚህ የቀለለ ዋጋ ከወዴት ይገኛል? በአምስት ዓመቱ ወንበር አጥቶ ያላለቀሰ ልጅ፣ በሃያ ዓመቱ የሚፈልገውን ሲያጣ ምን እንደሚያደርግ እነዚህ ሰዎች አስበውት ያውቃሉ?

ደብዳቤው «ልጆች ያዩትን ይደግማሉ» ሲል የሥነ ልቦና ተመራማሪውን የአልበርት ባንዱራን ስም ያነሣል። በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመው ሙከራው 72 ሕፃናትን ያካተተ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ቡድን አንድ አዋቂ በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብና ሲሳደብ ካየ በኋላ ያየውን ደገመ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጨዋታ አልነበረም፣ ሕግ አልነበረም፣ እኩያም አልነበረም፤ የነበረው ደብዳቢ አዋቂ ነው። ከዚህ ሙከራ ትምህርት መውሰድ የሚገባን በልጆቻችን ፊት የምንጮኸውና የምንማታው እኛ ነን።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሌላ ጥናት የአራትና የአምስት ዓመት ልጆች ከፉክክር ጨዋታዎች በኋላ የበለጠ ጠበኝነት፣ ከትብብር ጨዋታዎች በኋላ ደግሞ ያነሰ ጠበኝነት እንዳሳዩ ማግኘቱን አልክድም። ሆኖም በዚያ ሰሞን የታየ መገፋፋት የዕድሜ ልክ ጠባይ አይደለም፤ የትብብር ጨዋታ መልካም ከሆነም ይጨመር እንጂ የሌላው መግደያ ለምን ይሆናል? የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 31 ልጅ ለዕድሜው የሚስማማ ጨዋታ የመጫወት መብት እንዳለው ሲደነግግ፣ ጨዋታው እንባ የማያስከትል ይሁን የሚል ቅድመ ሁኔታ አላስቀመጠም።

ለሙአለ ሕፃናቱ በጻፍኩት መልስ ወንበሮቹ እንዲመለሱ ጠይቄያለሁ። አንድ መምህር ከጨዋታው አጠገብ ይቁም፤ ገፍትሮ የተቀመጠውን ያስነሣ፤ መጀመሪያ የወጣው ልጅም ጥግ ይዞ እንዳያኮርፍ ሙዚቃውን የማቆሙ ሥራ ለእርሱ ይሰጠው።