ማስተካከያ፦ ፍሮይድን ከቤከን ጋር አምታትቼዋለሁ

ባለፈው ስለ ሠዓሊው ሉሲያን ፍሮይድ (እ.ኤ.አ. 1922–2011) ስጽፍ «ሰዎችን የሚስለው ፎቶ እያየ ነው» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ ይቅርታ። ፎቶ እያየ ይሠራ የነበረው ሠዓሊ ጓደኛው ፍራንሲስ ቤከን ነው። የፍሮይድን ምስል የሣለውም ከፎቶ ነው፤ የተምታታብኝ እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ፍሮይድ ግን ሰውየው ፊት ለፊቱ ካልተገኘ አይሆንለትም። በሥዕሉ ላይ ያለውን ወለል ብቻ በሚሥልበት ቀን እንኳ ሞዴሉ እንዲመጣ ይፈልግ ነበር። አንድ ሥዕል ወራት ይፈጅበታል፤ አንዳንዱ ከዓመት ያልፋል። ለሞዴሎቹ አዘንኩ!

ሌላው፣ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀለም ያወፍር ነበር» ያልኩት ነው። የ1940ዎቹ ሥራዎቹን ቀረብ ብላችሁ እዩ። ቀለሙ ስስ ነው፤ ፀጉሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ያኔ ቁጭ ብሎ፣ በቀጭን ለስላሳ ብሩሽ ነበር የሚሠራው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ገደማ ወደ ሻካራው የአሳማ ፀጉር ብሩሽ ዞረ፣ ቆሞም መሣል ጀመረ። የሰውነት ቆዳ ሲሥል ብሩሹን ደጋግሞ በጨርቅ ይጠርግ ነበር። የጨርቁ ክምር በአንዳንድ ሥዕሎቹ ከሞዴሉ ጀርባ ይታያል።

የቀረው የጽሑፉ ክፍል እንዳለ ነው።