ጡረታ ለመምህር ነው

ደብረ ብርሃን ላይ የመንግሥት መምህር 60 ዓመት ሲሞላው ጽሕፈት ቤቱ ቀኑን አይስትም፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ ቤቱ። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ ሾፌርም መንጃ ፈቃድ ሲያድስ ዓይኑን ይመረመራል። ተገቢ ነው፤ ያ ቁልቁለት ቀልድ አያውቅም። አገር የሚመራ ሰው ግን በእንዲህ ያለ ተራ ነገር አይጉላላም። የምርጫ ሕጋችን ለዕጩ «21 ዓመት ሙላ» ብሎ ደፉን አበጀ፤ ጣሪያውን ለፈጣሪ ተወለት። ደግ አደረገ።

አንዳንድ ክፉዎች «አረጋውያን ፖለቲከኞች የአእምሮ ምዘና ይውሰዱ» ይላሉ። ሞካ የሚሉት አለ፤ አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ከ30 ይታረማል፣ 26ና ከዚያ በላይ ደህና ይባላል። የአንበሳ፣ የአውራሪስና የግመል ሥዕል አይቶ ስም መጥራት አለበት፤ ግመሏን የሸዋ ሮቢት ሰው ያለ ጭንቅ ያገኛታል። ጣጣው «ሰዓት ሣልና አሥራ አንድ ከአሥር አድርገው» ሲባል ነው። በሐበሻ ነው በፈረንጅ? ይህን አስቀድሞ ያልለየ መርማሪ ጤነኛውንም ይጥላል። አንዱን ቅጽ ደጋግሞ መስጠትም አይሆንም፤ አማካሪዎቻቸው መልሱን ያስጠኗቸዋላ! ለዚሁ ሲባል ተለዋጭ ቅጾች አሉት። ደግሞ ማጣሪያ እንጂ የበሽታ ውሳኔ አይደለም፤ ነጥቡ ያነሰበት ለተጨማሪ ምርመራ ይላካል። ከነሙሉ አጀባቸው ወረፋ ሊይዙ!

ከሁሉ የሚከፋው ከ100 ጀምሮ ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠሩ ነው። የካሜሩኑ ፖል ቢያ እ.ኤ.አ. በ2025፣ በ92 ዓመታቸው፣ ለሌላ ሰባት ዓመት ተመረጡ። ሰባት ሰባት የሚደምሩን ሰው «ይቀንሱ» ማለት ነውር አይደለም?

ለነገሩ እኛ እያለን ምን ፈተና ያስፈልጋል? ንግግር መሐል ቃል ሲጠፋባቸው እናጨበጭባለን፤ ጭብጨባው እስኪበርድ ማስታወሻው እጃቸው ይገባል። ስም ሲያምታቱ «ቀልደው ነው» እንላለን። ያንኑ ሦስቴ ቢሉት «አጽንኦት» ነው። ሙያው የቆየ ነው፦ አንጎለላ የተወለዱት አፄ ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ቤተ መንግሥቱ ሞታቸውን ለሕዝብ ሳያውጅ ቆየ። እርሳቸውስ ቢሆን ሕመሙ ሳይብስ ወራሽ ሰይመው ነበር፤ እንዲህ ያለው ችኮላ ለዛሬዎቹ አይመከርም።

ፈተናው የግድ ከሆነም፣ አምስት ቃል ሰምቶ ከአምስት ደቂቃ በኋላ መድገም የሚባለው አያሰጋንም። መርማሪው በሩን ብቻ ገርበብ ያድርግልን፤ ከውጭ ሆነን እንጮህላቸዋለን።