ላም አለኝ በሰማይ

«ዊዝሆልዲንጉ ገና አልተሠራም፤ ማክሰኞ ብቅ ይበሉ።»

ይህችን ከሜክሲኮ እስከ ካዛንቺስ ያለ ሒሳብ ክፍል ሁሉ በቃሉ ያውቃታል። ዊዝሆልዲንግ ከፋዩ ከክፍያው ላይ ቀንሶ የሚያስቀረው ግብር ነው፤ መቀነሱን የሚያሳየው ደረሰኝም በዚሁ ስም ይጠራል። ገንዘቡ የተቀነሰው ግን በዕለቱ ነው። ቀጠሮ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ብቻ ነው።

የማያውቅ ሰው «ለአንዲት ብጣሽ ወረቀት?» ይላል። የ40,000 ብር የዲዛይን ሥራ የሠራ ባለሙያ እንውሰድ። ከፋዩ ድርጅት ቀድሞ 2 በመቶ፣ ከ2017ቱ ማሻሻያ አዋጅ ወዲህ ደግሞ 3 በመቶ፣ ማለትም 1,200 ብር ቀንሶ በባለሙያው ስም ለገቢዎች ያስገባል። ዓመቱ ሲዘጋ ያ 1,200 ብር ከዓመት ግብሩ ላይ ይታሰብለታል፤ ደረሰኙ ካለ። ከሌለ ያንኑ ብር ድጋሚ ይከፍላል። ቫት ሲኖር ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ ገንዘብ ያዧ ቫት ከተደመረበት ከ46,000 ብር ላይ አስልታ 1,380 ትቀንሳለች። የሚሰላው ቫት ከመደመሩ በፊት ባለው ዋጋ ነው ቢሏት «ሲስተሙ ነው» ትላለች። ሲስተሙ ኤክሴል ነው።

«ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው መቼም ደመወዝተኛ አልነበረም። ደመወዝተኛው የመንግሥት ድርሻ ቀድሞ ተጨልፎለት ይገላገላል። በግሉ የሚሠራ ሰው ግን ላሟን ራሱ ያረባል፣ ራሱ ያልባል፣ ስንት ሊትር እንደሰጠች ራሱ መዝግቦ ያስታውቃል፤ ከዚያ «ሰማይ ቤት አለችኝ ያልካት ማስረጃዋ የታለ?» ይባላል።

ማስረጃ ከተባለማ የ2009 ክረምት አይረሳም። ያኔ ገማቾች ከሱቅ ሱቅ እየዞሩ የቀን ገቢ ሲተምኑ እነሱን ማስረጃ የጠየቀ አልነበረም። በር ላይ ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን ሰው አይቶ «በቀን ይህን ያህል ትሸጣላችሁ» ማለት በቂ ነበር። ሽንት ቤት ፍለጋ የገባውም እንደ ደንበኛ ሳይቆጠር አልቀረም። በዛብኝ ያለው ቅሬታውን ይዞ ተሰለፈ። የገማች ዓይን ይታመናል፤ የግብር ከፋይ ቃል ግን ማኅተም ካላረፈበት ዋጋ የለውም። ስንት ዓመት አልፎም ያንገበግባል።

ማኅተም ያዡ ደግሞ ምንጊዜም አዳማ ሥልጠና ላይ ነው።

ደረሰኙ በስንት ምልጃ ሲወጣም እዚያው ባንኮኒው ላይ መመርመር አለበት። ቲን፣ ማለትም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አሥር አሃዝ ነው፤ አንዷ ከተዛባች ገንዘቡ ለማያውቁት ሰው ይመዘገብለታል፤ ያም ሰው ደውሎ አያመሰግንም። ስሙ ንግድ ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን፣ የሽያጭ ደረሰኙ ቁጥር ይኑርበት፣ ፎቶ ኮፒ ከሰጡዎት ዋናውን ይጠይቁ። ከሁሉም በላይ ቀኑን ይዩ፤ የግብር ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ፣ የሰኔ ክፍያ ሐምሌ የሚል ደረሰኝ ከወጣለት ከሽያጩ ጋር ዓመት ይለያያል። ደረጃ «ሀ»፣ ማለትም ከትልልቆቹ ግብር ከፋዮች ምድብ የሆነ ሰው ግብሩን ለማስታወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለኝ ብሎ ይዘናጋል፤ የሒሳብ ባለሙያው ግን ከመስከረም ጀምሮ «ዊዝሆልዲንጎቹን አምጣ» እያለ መደወሉ አይቀርም።

የሠለጠኑት «ቼኩንና ዊዝሆልዲንጉን አብረህ ካልተቀበልክ የራስህን ደረሰኝ አትስጥ» ይላሉ። ምክሩ ጥሩ ነበር። ችግሩ፣ ሒሳብ ክፍሎቹም ሰምተውታል፤ ቼክ መጻፍ የሚጀምሩት የእርስዎ ደረሰኝ ፋይል ውስጥ ከገባ በኋላ ነው።