ለማያሸንፍ አይዋጣም ላላችሁ ጎረቤቶቼ

የቦሌ አራብሳ ሰዎች፣ የየካ አባዶ ሰዎች፣ የቱሉ ዲምቱ ሰዎች፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ስጨርስ መልሳችሁ ተቆጡኝ።

ሰሞኑን በሳይታችን የቴሌግራም ግሩፕ አንድ መልእክት ተለቀቀ። የለቀቀው የሰፈራችን መምህር ነው። ለምክር ቤት በግሉ ሊወዳደር አስቧል። ለፖስተርና ለድምፅ ማጉያ ኪራይ የቻላችሁትን አዋጡልኝ፣ ሃምሳ ብርም ብትሆን፣ ይላል። የባንክ ሂሳብ ቁጥሩን ከነሙሉ ስሙ አስቀምጧል። ከሥሩ ምን እንደተጻፈ ታውቁታላችሁ፤ የጻፋችሁት እናንተ ናችሁ። በሳቅ የሚያለቅሰው ፊት ተደረደረ። «ቲቸር፣ መጀመሪያ የሮቶውን መዋጮ ክፈል» አለ አንዱ። «ደሞዝ አልበቃ ብሎህ ነው?» አለ ሌላው። ከዚያ አንድ ጠቢብ ብቅ አለና «ለማያሸንፍ ሰው ብር ማውጣት ብር ማቃጠል ነው» ብሎ ደመደመ። ለሱ አውራ ጣት ዘነበለት።

ሳቃችሁ አላናደደኝም። የማያስቅ ፖለቲካ የለንም። ያናደደኝ ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን ከመካከላችሁ ስንቱ ቲክቶክ ላይቭ ላይ ሁለት ሰዎች ሲሰዳደቡ እያየ አመሸ? «አንበሳ ላኩ! ማቹ ሊያልቅ ነው! ሠላሳ ሰከንድ ቀረን!» ሲባል ኮይን ገዝቶ ላከ። ኩባንያው ድርሻውን ቆረጠ፣ ተሳዳቢው የቀረውን ኪሱ ከተተ፣ ላኪው ስሙ አንዴ ተጠራለትና አለቀ። ይሄ ብር ተቃጠለ ያለ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

መዋጮ አናውቅም እንዳትሉኝ። ያደግነው በመዋጮ ነው። እቁብ እንጥላለን፣ እድር እንከፍላለን፤ ለሠርግ፣ ለታመመ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጣሪያ፣ ለመስጊድ ምንጣፍ እጃችን ይፈታል። ለህዳሴ ግድብ 8100 ላይ «ኤ» እያልን ስንልክ የኖርን ሰዎች ነን። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጣለ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በነዚያ ዓመታት ቦንድ ያልገዛ የመንግሥት ሠራተኛ (ወዶም ይሁን ተወዶለት) ካገኛችሁ አምጡልኝ።

የብሎካችንን የእድር ስብሰባ አስቡት። እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ መልስ። ገንዘብ ያዣችን ጥግ ጥጉ የተላጠ ጥቁር መዝገቧን ትዘረጋለች። የከፈለ ሰው ከስሙ ትይዩ በሰማያዊ ስክሪፕቶ ይፈረምለታል። ያልከፈለ ሰው ቦታው ባዶ ይቆይና በሚቀጥለው ወር ቅጣቱ በቀይ ይገባል። ባለፈው ከአንድ ለቅሶ ሁለት ብርጭቆ ሳይመለስ ቀረ። ማን አወጣው? ማን ተረከበ? ለምን አልተፈረመም? በሁለት ብርጭቆ ስንከራከር የቀረበው ሻይ በረደ። ለብርጭቆ እንዲህ የምንተሳሰብ ሰዎች፣ በስማችን ሕግ የሚያወጣውን ሰው የቅስቀሳውን ብር ከየት አመጣኸው ብለን ጠይቀነው አናውቅም።

ከጠየቅንም በሐሜት ነው። «እሱ እኮ የባለሀብት ነው።» «ከኋላው ሰው አለ።» ይኖራል! እናንተ ሃምሳ ብር የነፈጋችሁት ሰው ከአንድ ባለ ሕንፃ መቶ ሺህ ቢወስድ፣ ነገ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የማንን ስልክ የሚያነሳ ይመስላችኋል? የውሃ ፈረቃችሁን ጉዳይ ይዛችሁ ስትደውሉ ነው ወይስ የባለ ሕንፃውን?

የአሜሪካ ምርጫ ሲመጣ ደግሞ ሁላችሁም ተንታኝ ናችሁ። ጀበና ቡናው ጋ ዱካ ላይ ቁጭ ብላችሁ ስለ ፔንስልቬንያ ግዛት እንደ ሰፈራችሁ ታወራላችሁ። እንግዲያው ከዚያው ከምትወዱት ወሬ ልጥቀስላችሁ።

በፈረንጆቹ 2007 ሮን ፖል የሚባሉ የቴክሳስ እንደራሴ በሪፐብሊካን ፓርቲ በኩል ለፕሬዚዳንትነት ለመታጨት ተነሱ። የ72 ዓመት ሰው ናቸው፣ በሙያቸው የማህፀን ሐኪም። ያሸንፋሉ ያለ የፖለቲካ አዋቂ አልነበረም። ደጋፊዎቻቸው ግን ከዘመቻው ቢሮ ትእዛዝ ሳይጠብቁ በኢንተርኔት ተጠራሩ። ሁላችንም በአንድ ቀን እንስጥ ተባባሉ። ኖቬምበር 5 በዚያች አንድ ቀን ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገባ። ቀጥለው ዲሴምበር 16ን መረጡ፤ በ1773 አመፀኞች የእንግሊዝን ሻይ ቦስተን ወደብ ላይ የደፉበት ቀን ነው። ያን ቀን 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰበሰቡ። በጊዜው ሕጉ አንድ ሰው ለአንድ ምርጫ ከ2,300 ዶላር በላይ እንዲሰጥ አይፈቅድም ነበር። ስለዚህ ይህ የሦስት አራት ቱጃር ብር አይደለም። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እየቆነጠረ ያዋጣው ነው። (እናንተ ግን እንዳትሞክሩት። ዜጋ ያልሆነ ወይም ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ለአሜሪካ ዕጩ እንዲያዋጣ ሕጉ አይፈቅድም። ትንታኔያችሁ ቡናው ላይ ይቀራል ማለት ነው።)

ሮን ፖል ተሸነፉ። አዮዋ ላይ 10 በመቶ፣ ኒው ሃምፕሻየር ላይ 8 በመቶ ገደማ ድምፅ አገኙ። ጠቢባችን «አላልኳችሁም?» ይበል። ነገሩ ግን እዚያ አልቆመም። ከዘመቻው በተረፈው ብር ማኅበር አቋቋሙ። በ2010 ልጃቸው ራንድ ፖል በዚሁ ዓይነት መዋጮ ታግዞ ሴኔት ገባ። በ2012 ሽማግሌው ዳግም ሲወዳደሩ አዮዋ ላይ 21 በመቶ አገኙ። ሐሳባቸውን ውደዱላቸው አላልኩም፤ ግማሹ ለኔም አይዋጥልኝም። ግን ያ ሁሉ ሰው ብሩን አቃጠለ የምትሉኝ ከሆነ አመዱን አሳዩኝ።

ጥፋታቸውንም ልንገራችሁ። የዕጩው ስም የተጻፈበት ግዙፍ የአየር መርከብ በመዋጮ ተከራይተው ሰማይ ላይ አንሳፈፉ። ሕዝብ አንጋጦ አየ፣ ፎቶ አነሳ። የአየር መርከብ ግን ቤት ለቤት ዞሮ በር አያንኳኳም። ብሩ ከድምፁ በፊት ሮጠ። ይቺ በሽታ እኛም ጋ አለች። ሁለት መቶ ብር በቴሌብር ልኮ፣ ስክሪንሾቱን ለጥፎ፣ አገር ያቀና የሚመስለው አለ። የምርጫ ካርድ አውጥተሃል ወይ ስትሉት «ሰልፉ ረጅም ነው» ይላችኋል። እሱው ሰውዬ ለዘይት አምስት ሰዓት ተሰልፎ ያውቃል።

እኛ አገር ፕሬዚዳንቱን ሕዝብ በቀጥታ አይመርጥም። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው የሚሰይሙት። ጠቅላይ ሚኒስትሩም የሚወጣው ከተወካዮች ምክር ቤት ነው። የኔና የናንተ እጅ የሚደርሰው እስከ ምርጫ ክልላችን ወንበር ድረስ ነው። 547 ወንበር አለ። በ2002 ዓ.ም. ከገዢው ፓርቲና ከአጋሮቹ ውጭ የተያዙት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ መድረክ የሚባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት፣ አንዱ የግል ተወዳዳሪ። በ2007 ዓ.ም. እነሱም ጠፉና ወንበሩ ሁሉ በአንድ ወገን ተያዘ። በ1997 ዓ.ም. ግን የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ከደምቢ ዶሎ በግል ተወዳድረው አሸንፈዋል። «እሳቸው እኮ ስም ያላቸው ሰው ነበሩ» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ስም ያለው ሰው ፖስተሩም ይቀለዋል። መዋጮ የሚያስፈልገው እንደ መምህራችን ስሙን የብሎኩ ልጆች ብቻ የሚያውቁት ሰው ነው።

ለምትሰጡትም ቁጣ አለኝ። እናንተ ደግሞ ማንም ካሜራ ፊት ቆሞ «ወገን ድረስ!» ካለ እጃችሁ ስልካችሁ ላይ ነው። ስንቱ ሰብስቦ ተሰወረ? ስንቱስ ሂሳብ ሲጠየቅ «ባንዳ» ብሎ ተሳደበ? ተሳዳቢውን አትማሩት። ሂሳብ መጠየቅ ክህደት ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ያዣችን በየወሩ ስትከዳ ነበር። መምህሩን በሉት፦ ቲቸር፣ የገባውን በየሳምንቱ ለጥፍ። የፖስተሩን ደረሰኝ አሳይ። ድምፅ ማጉያውን በስንት ተከራየኸው? ከባለ ባጃጁ ጋር በስንት ተስማማህ? ብሩ ከተረፈ ምን ልታደርገው ነው? ይህን ጥያቄ ከተቀየመ ሃምሳ ብራችሁን መልሳችሁ ውሰዱ፤ እኔም አብሬያችሁ እስቃለሁ። ካልተቀየመ ግን መሳቂያው እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ በሱ አላሾፍም። ስማችን መዝገብ ላይ ይገባል ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። በስልክ የተላከ ብር ስም አለው፤ እውነት ነው። በዚህ አገር ይህን የፈራ ሰው ላይ ጣቴን አልቀስርም። የፈራ ሰው ግን ቢያንስ ከሳቂው ጋር አይሳቅ። ከመዝገብ ውጭ የሚሠራ ሥራም ሞልቷል። በምርጫ ቀን የዕጩው ወኪል ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ቆጠራው እስኪያልቅ ጣቢያው ውስጥ ይቀመጣል። በ2013ቱ ምርጫ ድምፅ መስጫው ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ተራዝሞ ነበር፤ ቆጠራው የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ድርጅት ያለው ወኪል ምሳውም እራቱም በመኪና ይመጣለታል። የግል ዕጩ ወኪል ግን የሚያስታውሰው ጎረቤት ካላገኘ ጦሙን ውሎ ጦሙን ያመሻል። አንድ ሳህን ሽሮ በእንጀራ ጠቅልሎ በር ላይ ላደረሰ ሰው ደግሞ ስምህ ማነው የሚለው የለም።