ላዳ አይደለም!

ጎበዝ፣ ዛሬ ካልተነፈስኩ የምፈነዳ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከመኪናዬ ሥር በጀርባዬ ተጋድሜያለሁ። ካቻቢቴውን በጥርሴ ነክሻለሁ፣ በግራ እጄ ማርሚታውን፣ የጭስ ማውጫውን፣ ደግፌያለሁ፣ በቀኝ እጄ ደግሞ ተንከባልሎ የጠፋብኝን ብሎን በዳሰሳ እፈልጋለሁ። ዓይኔ ውስጥ የሃምሳ ዓመት ዝገት እየረገፈ ነው። በዚህ መሀል በደንብ የተወለወለ ጥቁር ጫማ መጥቶ ከጆሮዬ አጠገብ ቆመ። ጫማውን አውቀዋለሁ፤ የጎረቤታችን የጋሼ ነው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ ድምፃቸው ከላይ መጣ።

«ልጄ፣ ይቺ ላዳ እስካሁን አልተነሣችም?»

ላዳ አይደለም! ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር፣ ላዳ አይደለም! አልኩ፤ በልቤ። በአፌ ካቻቢቴ ስለነበረ የወጣው «እምም» ብቻ ነው።

ይህን ቃል ስሰማ ሦስት ዓመቴ ነው። ወተት የምታመጣልን ሴት ላዳ ትለዋለች። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ላዳ ይለዋል። አማቴማ «ያ ሚስትህን ያስረሳህ ላዳ» ነው የሚሉት። ስለዚህ አንድ ጊዜ፣ ለመጨረሻ ጊዜ፣ ላስረዳ።

መኪናው ፊያት 124 ስፖርት ኩፔ ነው፤ ሁለት በር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራ። ስሙን ያገኘው ከባለ አራት በሩ ፊያት 124 ነው። ሶቪየቶች በ1966 ከፊያት ጋር ተዋዋሉ፤ በቮልጋ ዳር፣ በጣሊያን ኮሚኒስቶች መሪ ስም ቶሊያቲ በተባለችው ከተማ ፋብሪካ ተከሉ፤ ከ1970 ጀምሮ ያንን ባለ አራት በር ለራሳቸው ብርድና ለራሳቸው ጉድጓድ እንዲሆን እያጠነከሩ ያመርቱት ጀመር። ላዳ ማለት እሱ ነው። ሰማያዊና ነጭ ተቀብቶ አዲስ አበባን ሲያመላልስ የኖረው እሱ ነው። ክብር ይገባዋል። እናቴ እኔን ልትወልድ ሆስፒታል የደረሰችው በላዳ ታክሲ ነው፤ ላዳን የምንቅ ሰው አይደለሁም። ዝምድናቸውንም አልካድኩም፤ የአጎት ልጆች ናቸው። ነገር ግን ሰው ዕድሜ ልኩን በአጎቱ ልጅ ስም ሲጠራ ዝም ይላል?

የእኔውን ሞተር የነደፈው ከፌራሪ ወደ ፊያት የመጣው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። ቴስታታው ላይ፣ ማለትም በሞተሩ ራስ ላይ፣ ቫልቮቹን የሚከፍቱ ሁለት ካምሻፍት ተኝተዋል፤ ሁለቱንም የምታዞራቸው አንዲት ጥርስ ያላት የጎማ ቺንጋ ናት። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው፤ የላዳ የኋላ ፍሬን ግን ታምቡር ነው። የዚህ ሞተር ታናናሾች በፊያት 131 አባርት ላይ ተጭነው በ1977፣ በ1978 እና በ1980 የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አሸንፈዋል። ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ቡና አስፈልቼ ለጋሼ ከሀ እስከ ፐ አስረዳኋቸው። በጽሞና አዳመጡኝ። ስጨርስ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ታዲያ ለምን አንድ ደህና ላዳ አትገዛም?» አሉኝ።

መኪናውን ያገኘሁት በአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ፣ ከኮክ ዛፍ ሥር ነው። ጎማዎቹ አፈር ውስጥ ሰምጠዋል። ኋላ ወንበሩ ላይ አንዲት ዶሮ ታቅፋ ነበር፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ ድረስ መኪናውን እንዳላነሣ ተነገረኝና ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ። ያኔ ነገሩ ደስ የሚል ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ነበር። ከዚያ በኋላ ላለው ጥበቃ መለማመጃ መሆኑን ማን ነግሮኝ!

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። በአገራችን ጋራዥ ውስጥ የሚነገረው ግማሹ ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኮፈን፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ። ጎማ የሚለጥፈው ጎሚስታ ነው፤ በየዓመቱ መስታወት ላይ የምንለጥፈው ቦሎ ነው፤ የመኪናው መታወቂያ ሊብሬ ነው። መኪናው ጃፓን ሠራሽም ይሁን ኮሪያ ሠራሽ፣ ሲታመም የሚያቃስተው በጣሊያንኛ ነው። እንግዲህ እኔ ስሙም አካሉም ጣሊያን የሆነ መኪና ይዤ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ስገባ ቤቴ የገባሁ ሊመስለኝ አይገባም ነበር? ለእያንዳንዷ ዕቃ ስም አለ። ዕቃዋ ግን የለችም!

«የፊያት 124 የፍሪሲዮን ዲስክ አለህ?»

«አለ።»

«የስፖርት ኩፔ ነው የምፈልገው፤ የላዳ አይደለም።»

«ገባኝ አለቃ። አለ አልኩህ።»

ልጁ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በጀርባ በኩል ወጥቶ የአራት ጎረቤት ሱቅ ያዳርሳል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ይመጣል። እፈታዋለሁ፤ የላዳ ነው።

«ይህ የላዳ ነው።»

«አንድ ነው።»

«አንድ አይደለም!»

«አለቃ፣ በሞረድ ትንሽ ካስነካኸው አንድ ይሆናል።»

በሞረድ ካስነካኸው! በዚህ ከተማ በሞረድ ተነክቶ አንድ የማይሆን ነገር የለም መሰለኝ። ሰውየውን እንዳልቆጣው ደግሞ ከልቡ ሊረዳኝ ነው የሚደክመው፤ ሻይ ጋብዞኛል፤ ስልኬን ይዞ «ካገኘሁ እደውላለሁ» ብሎኛል። ሁለት ጊዜ ደውሏል። ሁለቱንም ጊዜ የላዳ ነበር።

ወደ ቦዲው ልምጣ። ቀለሙን ስንፍቅ ቀይ ወጣ፤ ከቀዩ ሥር ክሬም፣ ከክሬሙ ሥር ስቱኮ፣ ያ ጉድጓድ የሚደፈንበት ልስን። ስቱኮው ሁለት ጣት ይወፍራል፤ የቤት ልስን እንኳ እንዲህ አይወፍርም። በመዶሻ ቀስ ብዬ ብነካው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈርክሶ እግሬ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የሞተር ዘይት ቆርቆሮ! ጠፍጥፈው፣ ዳር ዳሩን በሚስማር በስተው፣ ፓራፋንጎው ላይ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ፣ ሰፍተውታል፤ «5 ሊትር» የሚለው ጽሑፍ እንኳ አልጠፋም። ዝገቱን ሳይነኩ፣ ከነሕይወቱ ነው የቀበሩት። እሱም ከሥር ሆኖ ለአርባ ዓመት ሲበላ ኖሯል።

ቦዲ የሚቀጠቅጠው ባትላሜራ መጥቶ አየና «ቀላል ነው፤ ረቡዕ እጀምራለሁ» አለኝ። የትኛው ረቡዕ እንደሆነ አለመጠየቄ የእኔ ጥፋት ነው። ከአራት ወር በኋላ ሲመጣ በተለመደው ወፍራም ብየዳ፣ በኤሌክትሮድ፣ ሊበይደው ተነሣ። ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ላሜራ በዚያ እሳት ሲነካ አይያያዝም፤ ይበሳል። ቀዳዳውን ሊደፍን ይነካዋል፤ ይሰፋል። በጋዝ የሚሠራ ቀጭን ብየዳ ተከራይተን አመጣን፤ የመጀመሪያዋን መስመር እንደ ጀመርን መብራት ሄደ። ባትላሜራውም አብሮ ሄደ። «ረቡዕ» ብሎኛል።

እሺ፣ ይህም ይሁን። የቴርሞስታቱን ነገር ግን ይቅር ልለው አልቻልኩም። ከእኔ በፊት ይህን ሞተር የነካ አንድ መካኒክ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጥሎታል። ምክንያቱን አልነገረኝም፤ ግን አውቀዋለሁ፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ «ያሞቀዋል»። ወገኖቼ፣ ቴርሞስታት ሞተር አያቃጥልም! ውኃው እስኪሞቅ ድረስ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ይዘጋል፤ ሲሞቅ ይከፍታል፤ ሥራው ይኸው ነው። ራዲያተሩ በደለል ተደፍኖ መኪናው ሲፈላ ግን ጥፋተኛው ሁልጊዜ ቴርሞስታቱ ነው። ወጡ አረረ ብሎ ክዳኑን አጥር ውጭ መወርወር ማለት ነው። አዲስ አበባ እኮ ጅቡቲ አይደለችም! በኅዳር ጠዋት የተነሣ ሞተር ያለ ቴርሞስታት ሥራ ቦታ እስኪደርስ እንኳ በቅጡ አይሞቅም፤ ቤንዚን ይጠጣል፣ ሲሊንደሩን ይበላል። ይህን ለአንድ ወጣት መካኒክ ሳስረዳ በአዘኔታ አየኝና «ጋሼ፣ ያሞቀዋል» አለኝ። ጋሼ አለኝ! ይህ መኪና ሳይጠገን ጋሼ ሆኛለሁ።

ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡራተርም ከዚህ አይሻልም። ዌበር የሚባለው፣ ባለ ሁለት ጉሮሮው ነው፤ እንደ ሰዓት ተደርጎ የተሠራ ነገር። ነዳጁን የሚመጥኑት እንደ መርፌ ዓይን የቀጠኑ የነሐስ ቀዳዳዎች ናቸው። እዚህ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነን፤ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ በፊያት አገር በቶሪኖ ላይ በልኩ የሆነው ቤንዚን እዚህ ይበዛል። ስለዚህ ቀዳዳው መጥበብ አለበት። የእኔዎቹን ግን አንድ ባለሙያ «ጉልበት እንዲኖረው» ብሎ በሽቦ አስፍቷቸዋል። መጀመሪያ ያስነሣሁት ቀን ከማርሚታው የወጣው ጭስ ሰፈሩን አጨለመው። ጋሼ በአጥር ብቅ ብለው «ላዳ ሁልጊዜ እንዲህ ናት» አሉ።

ዕቃ ከውጭ አታስመጣም ወይ ትሉኛላችሁ። በቪዲዮ የማያቸው ፈረንጆች ማታ ያዝዛሉ፤ ከነገ ወዲያ በራቸው ላይ ካርቶን ያገኛሉ። ካርቶኑን በቢላ ሲቀዱት ስልኬን መወርወር ያምረኛል። እኔ የማስመጣው ጣሊያን አገር ባለችው የአክስቴ ልጅ ሻንጣ ነው። እሷ ደግሞ ለእናቷ መድኃኒት፣ ለእህቶቿ ጫማ፣ ለቤተ ክርስቲያኗ ጃንጥላ ትይዛለች፤ ሃያ ሦስት ኪሎ ከዚያ ተርፎ ለእኔ የሚደርሰኝ አንድ ቺንጋና አንድ ሙሉ የጓርኒሲዮን፣ የሞተር ማሸጊያ፣ ጥቅል ነው። እሱም መግቢያው ላይ ተያዘ። መሥሪያ ቤቱን አልጠራም፤ ጣጣ አልፈልግም። ደረሰኙ በጣሊያንኛ ስለሆነ ይተርጎም ተባልኩ። ወረቀቱ ላይ ያለውን ቃል በጣቴ እያሳየሁ «ይኸው፣ ጓርኒሲዮን ይላል» አልኩ። ሰውየው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እሱማ በአማርኛ ነው፤ የጣሊያንኛውን አስተርጉም» አለኝ። እውነቴን ነው። መሳቅም መናደድም አቃተኝ።

ባለቤቴ እስካሁን ችላኛለች። ፒስተኖቹ ለአንድ ዓመት ጓዳ ውስጥ ከበርበሬው ጎን ሲቀመጡ ምንም አላለችም። ካርቡራተሩን በሽሮ ድስቷ በላምባ ማጠቤን ስታውቅ ግን ለሦስት ቀን አላናገረችኝም፤ በአራተኛው ቀን ሽሮውን በዚያው ድስት ሠርታ አቀረበችልኝ። በላሁት።

የወንድሜ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ የለ? «አጎቴ፣ ሞተሩን አውጥተህ ባትሪ አስገባበት» ይለኛል። የላምፕሬዲን ሞተር! ልጁን እወደዋለሁ፤ ቢሆንም ፊቴን አዞርኩ።

እና ቅዳሜ። መኪናው በክሪክና በድንጋይ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ ወጥተው፣ እኔ ከሥሩ። ከአሥራ ስድስቱ የጎማ ብሎኖች አምስቱ ክራቸው ተበልቷል፤ አንድ ጎሚስታ ኪያቬውን በእግሩ እየረገጠ ነው ያሰራቸው። የአክስቴ ልጅ ብሎን ረስታ መጥታለች። ቶርኖ ቤት «ረቡዕ» ተብያለሁ። ከሰዓት በኋላ ተስፋ ቆርጬ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ያ ወዳጄ ገና ሲያየኝ ፈገግ አለ፤ ምንም ሳልጠይቀው ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ አምስት ብሎን ቆጥሮ በእጄ መዳፍ ላይ አስቀመጠ። የላዳ ናቸው። ልቆጣ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት፤ በኪሴ የያዝኩትን አሮጌ ብሎን አውጥቼ አስተያየሁ። ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር፣ የክሩ ርቀት 1.25። ሞረድም አላስፈለገው።

ቤት ደርሼ ሞከርኩት። በጣቴ ብቻ እየዞረ እስከ መጨረሻው ገባ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። አምስተኛውን እያጠበቅሁ ሳለ ያ የተወለወለ ጥቁር ጫማ መጥቶ ከጎኔ ቆመ።

«ልጄ፣ ብሎኑ ተገኘ እንዴ? ከየት አመጣኸው?»

ከሥር ሆኜ ቀና ብዬ አየኋቸው።

«ከቶሪኖ ነው የመጣልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።