ከርነልን የምንፈራው ኮድ ማንበብ ስላልተማርን ነው

ከአራት ኪሎ እስከ አምስት ኪሎ ባሉት ካፌዎች ላፕቶፕ ከፍተው የሚሠሩ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ሞልተዋል። ዌብሳይት ይሠራሉ፣ የሞባይል አፕ ይሠራሉ። የሊኑክስን ከርነል (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ሃርድዌሩንና ፕሮግራሞቹን የሚያስተዳድረውን ኮድ) ከፍታችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ ስትሏቸው ግን መልሱ ብዙ ጊዜ «እሱማ ለፈረንጆቹ ነው» ይሆናል። ይህ አባባል ያንገበግበኛል። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው። መርካቶ በሚሸጠው አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ውስጥም አለ። የጎደለን አቅም አይደለም። ኮድ መጻፍ ተማርን እንጂ ማንበብ ማንም አላስተማረንም።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የለቀቀው የመጀመሪያው ሊኑክስ 10 ሺህ መስመር ገደማ ነበር። የዛሬው ከ30 ሚሊዮን ያልፋል። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ድራይቨር፣ ማለትም የተለያዩ ዕቃዎችን የሚያንቀሳቅስ ኮድ ነው፤ አብዛኛው እናንተ ጋ ለሌለ ዕቃ የተጻፈ። ደግሞም ከርነልን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ሰው የለም። አንድ ጥያቄ ተይዞ ነው የሚገባው።

ጥያቄው ይህ ይሁን፦ ፕሮግራሜ ፋይል ላይ ሲጽፍ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ፕሮግራሙ «ራይት» የሚባለውን ሲስተም ኮል (ከርነሉን ሥራ የሚጠይቅበትን ጥሪ) ይጠራል። ተማሪው ሊኑክስ ውስጥ «ሲስ ራይት» ብሎ ይፈልጋል። ፈንክሽኑ (ሥራውን የሚሠራው የኮድ ክፍል) የተጻፈበትን ቦታ አያገኘውም፤ ስሙን የሚገጣጥመው ማክሮ (ኮዱ ሲዘጋጅ በሌላ ኮድ የሚተካ አጭር ስም) ነውና። ታግሎ «ቪኤፍኤስ ራይት» የሚባል ሌላ ፈንክሽን ላይ ይደርሳል። እዚያ ደግሞ መንገዱ ይጠፋበታል። ቀጣዩ ጥሪ በፖይንተር (የፈንክሽኑን አድራሻ በያዘ ቫሪያብል) ነው፤ የትኛው ፈንክሽን እንደሚሮጥ የሚወሰነው ፋይሉ ሲከፈት ነው። ብዙዎች ተስፋ ቆርጠው ላፕቶፑን የሚዘጉት እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ከትንሹ እንጀምር የምለው ለዚህ ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ ለማስተማሪያ ያዘጋጀው ኤክስቪ6 የሚባል ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለ። የድሮውን ዩኒክስ 6ኛ እትም ተከትሎ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ከርነሉ 10 ሺህ መስመር አይሞላም። ኬሙ በሚባለው ኢሙሌተር (ሌላ ኮምፒውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም) አሮጌ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። አንዴ ካወረዳችሁት ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ያንኑ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ። የሲስተም ኮሎቹ ሰንጠረዥ አንድ ፋይል ውስጥ ተዘርግቷል፤ የራይት ቁጥር 16 ነው። ከዚያ «ፋይልራይት» ወደሚባል ፈንክሽን ይወስዳችኋል። እሱም ይጠይቃል፦ ይህ ፓይፕ (የአንዱን ፕሮግራም ውጤት ለሌላው የሚያስተላልፍ መስመር) ነው? ዲቫይስ ነው? ወይስ ዲስክ ላይ ያለ ፋይል? በሦስት «ኢፍ» («እንዲህ ከሆነ» በሚል ትእዛዝ) አለቀ። አሁን ወደ ሊኑክስ ተመለሱ። ያ ያስቸገራችሁ ፖይንተር የእነዚህን ኢፎች ሥራ ነው የሚሠራው። ሊኑክስ የሚደግፋቸው የፋይል ሲስተሞች (ፋይሎች ዲስክ ላይ የሚደራጁባቸው መንገዶች) ብዙ ስለሆኑ በኢፍ አይዘለቅም፤ እያንዳንዱ የራሱን የፈንክሽን ዝርዝር ያቀርባል። «ፋይል ኦፕሬሽንስ» የሚለውን ስትራክት (ዝርዝሩን የያዘውን የዳታ መዋቅር) ፈልጉ፤ ከፋይል ሲስተሞቹ አንዱ የሆነውን የኢኤክስቲ4ን መልስ እዚያው በራሱ ፎልደር ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይህ ሲገለጥላችሁ የሚሰማችሁ ደስታ ልዩ ነው።

አንድ መስመር ለምን እንደተጻፈ ግራ ካጋባችሁ የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚይዘውን ጊትን ጠይቁት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደለወጠው ተመዝግቧል። ደግሞ ለብቻችሁ አታንብቡ። በመጻሕፍት ቤት አንዱ ደቀ መዝሙር ሲያነብ ሌላው ይሰማል፣ የኔታ ይተረጉማሉ። ኮድም እንዲህ ለሁለት ለሦስት ሆኖ ሲነበብ ቶሎ ይገባል።

መምህራኖቻችንን ግን አንድ ነገር ልለምን። ራውንድ ሮቢንን (ፕሮግራሞችን በየተራ የማስኬድ ዘዴን) በወረቀት አስልቶ ኤ ያመጣ ተማሪ እውነተኛ ስኬጁለር (ተራውን የሚሰጠውን የከርነል ክፍል) ሳያይ ይመረቃል። የኤክስቪ6 ስኬጁለር እኮ አንድ ገጽ የማይሞላ ፈንክሽን ነው፤ የፕሮሰሶቹን (በሥራ ላይ ያሉትን ፕሮግራሞች) ሰንጠረዥ እየዞረ ለመሮጥ የተዘጋጀውን ይመርጣል። እሷን ገጽ አትማችሁ ክፍል ውስጥ አድሉ፤ ስላይዱን ለአንድ ቀን ተዉት። ፋይናል ላይም «ይህ የሎክ መስመር ቢወጣ ምን ይበላሻል?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሎክ ሁለት ሥራዎች አንድን ዳታ በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚከለክል ቁልፍ ነው። ኮዱ ፊታቸው ይሁን፣ የሚሸመደድ ነገር አይኑር። ተማሪዎቹ በራሳቸው አንብበው ይመልሱ።