ሊፈርስ ያለ ቤት ገብቶ መመዝገብ ይገባል ወይ?

ፒያሳ አጠገብ፣ ነዋሪዎቹ ወጥተውበት መፍረሱን የሚጠባበቅ አንድ የባላምባራስ ቤት አለ። ቤቱን ገብተው ያጠኑ የሥነ ሕንፃ መምህርና በዚያው ቤት ያደጉ አንዲት ጡረተኛ ወይዘሮ ከላይ በተነሣው ጥያቄ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህሩ፦
ይገባል፤ እንዲያውም ግዴታ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፈሮች ሲፈርሱ ልኩ ሳይወሰድ ከመሬት የተደባለቀው ቤት ብዙ ነው። እኔ በዚህ ቤት ሁለት ቀን ውያለሁ። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃና እንጨት ሲሆን በረንዳው ሦስቱን ጎን ይዞራል። የሳሎኑ ኮርኒስ አቡጀዲ ስለ ሆነ፣ ተቀዶ በተንጠለጠለበት በኩል ቀና ብዬ ሳይ ወጋግራው ምስጥ ያልደፈረው ጥድ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጣጠፈውን አሮጌ ጋዜጣ ስልጥ ደግሞ ከሥሩ የመጀመሪያው ሰማያዊ ቀለም ወጣ። በኋላ የገቡት ተራ ክፍልፋዮች ቤቱን ቢያበላሹትም፣ እነሱ ሲነሡ ዋናው ቤት እንዳለ ይገኛል።

ወይዘሮዋ፦
«ተራ ክፍልፋዮች» ካሏቸው ውስጥ አንዱን አባቴ በ1968 ዓ.ም. ጭድ ቀላቅሎ፣ ጭቃውን በእግሩ ረግጦ ሠራው። አዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጠ፤ እኛም ሰባት አባወራ ሆነን እዚያ ገባን። እርስዎ ሳሎን የሚሉት የሁለት ቤተሰብ መኖሪያ ነበር። ሌሊት አይጥ ሲሮጥበት ያ አቡጀዲ ከወዲያ ወዲህ ሲናወጥ እያየን ነው የተኛነው፤ ክረምት ሲገባ ከአልጋ ይልቅ ሳፋ የያዘው ቦታ ይበልጥ ነበር። ያን ጊዜ ቅርስ ነው ብሎ አንዲት ቆርቆሮ የቀየረልን የለም። ይፍረስ! ፎቶግራፍም አያስፈልገውም።

መምህሩ፦
«ተራ» ማለቴ ከመጀመሪያው ሥራ ለመለየት የምንጠቀምበት የሙያ አነጋገር እንጂ ስድብ አይደለም። ቆርቆሮው አለመቀየሩም የአከራዩ ጥፋት ነው፤ ለዚህ ቤቱ አይቀጣም። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ያዝዛል። የራስ ብሩ ሀብተ ገብርኤል ቤት ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ሊሆን የቻለው ስላልፈረሰ ነው።

ወይዘሮዋ፦
ስድቡ የሙያ ነው በመባሌ ተጽናንቻለሁ። ራስ ብሩን አነሡልኝ፤ መልካም፣ የራስ ቤት በራስ ስም ይጠራል። የእኛ ግን በማን ስም ሊጠራ ነው? እርስዎ የላጡት ጋዜጣ አዲስ ዘመን ነበር። ብርድ እንዳይገባ እናቴ በዱቄት ሙጫ የለጠፈችው ሲሆን፣ ታናሽ ወንድሜ ንባብ የለመደው አልጋው ላይ ቆሞ እሱን እየቆጠረ ነው። አንዱ ገጽ ተገልብጦ ስለተለጠፈ አንገቱን አጣሞ ያነብ ነበር። ያን ልጠው ጣሉና ሰማያዊ ቀለም አገኘሁ ይሉኛል።

መምህሩ፦
ሁለት ቀን አቧራ ስቅም ከርሜ እንደ ዘራፊ እቆጠራለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እናቴ፣ ማንኛውም እድሳት አንድ ዘመን መምረጥ አለበት፤ ባላምባራሱ ያሠሩትና ሰባት አባወራ የኖረበት ቤት በአንድ ጊዜ ሊታዩ አይችሉም። እኔ የመረጥሁት የመጀመሪያውን ነው። ደግሞም ቤቱ ይፍረስ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ እንዲድን ነው የደከምሁት።

ወይዘሮዋ፦
እናትዎ አይደለሁም፤ የዚያ ቤት ተከራይ ነበርሁ። እድሳት ዘመን ይመርጣል ካሉ፣ ክርክራችን ገብቶ ማየት ይገባል ወይ ከሚለው ወጥቶ የማን ዘመን ይቆይ ወደሚለው መጥቷልና እሱንም አልሸሽም። ከመጀመሪያው ጽሑፍዎ ጋር ያያያዙትን የወለል ንድፍ አየሁት። የበረንዳው ቋሚ እያንዳንዱ ተቆጥሮ በድፍን መስመር ተሥሏል፤ የአባቴ ግድግዳ ግን ነጠብጣብ ነው። የግንባታ ሥራ የምታውቀውን ልጄን ነጠብጣቡ ምን ማለት እንደ ሆነ ብጠይቃት፣ «እማዬ፣ የሚፈርስ ማለት ነው» አለችኝ።